ተፎካካሪዬ ጉድ ወጣበት፤ እኔ ምን ልበል?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ተወልጄ ያደግኩት ኢትዮጵያ ነው፤ አሜሪካ ከገባሁ 22 ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ ለምኖርበት ግዛት ምክር ቤት በዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ (የፓርቲው ዕጩ በሚለይበት ምርጫ) እየተወዳደርኩ ነው። ሦስት ዕጩዎች ነን። የሚመራው አንድ ወጣት ጠበቃ ነው። ባለፈው ሳምንት ይህ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፋቸው ነገሮች ወጡበት። አንደኛው እንግሊዝኛ አጥርተው በማይናገሩ ስደተኞች ላይ የሚያላግጥ ነው። በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቋል። የዘመቻዬ አስተባባሪ ‹ከውድድሩ ይውጣ ብለን መግለጫ እናውጣ› ትላለች። ባለቤቴ ‹ዝም በይ፣ ራሱ ይወድቃል› ይላል። በጎ ፈቃደኞቼ ደግሞ ሳይጠይቁኝ ጽሑፎቹን እያሠራጩ ነው። በዚህ ላይ ማንነቱን ያልገለጸ ሰው ‹ከዚህ የባሰ አለ› ብሎ አንድ የታጨቀ ፋይል በኢሜይል ልኮልኛል። አንዲት ጋዜጠኛም ደውላ መልስ እየጠበቀች ነው። ውድድሩ ሲጀመር ሦስታችንም አሸናፊውን እንደግፋለን ብለን በአደባባይ ቃል ገብተናል። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉን ሳነብ አልቅሻለሁ። ምን ልበል?

ግራ የገባኝ ዕጩ»

ውድ ጠያቂዬ፣

ጋዜጠኛዋ እየጠበቀች ስለሆነ ከእሷ ልጀምር። ዛሬውኑ መልስ ይስጧት። «አስተያየት የለኝም» የሚለው ለሌላ ዕጩ ይሆን ይሆናል፣ ለእርስዎ ግን አይሆንም። የተላገጠባቸው ሰዎች እርስዎን የሚመስሉ ናቸውና ዝም ቢሉ ፈርተው ወይም አድብተው ነው የሚባለው። የሚሉት ቃል አጭር ይሁን፤ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፤ አሳዝኖኛል። እንግሊዝኛን አድጌ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ሲሳቅ የሚሰማውን ስሜት አውቀዋለሁ። ይቅርታ ጠይቋል፤ ይቅርታውን መመዘን የመራጩ ፋንታ ነው።» ከዚያ በኋላ ወደሚወዳደሩበት ጉዳይ ይለፉ። ለሁለተኛ ጋዜጠኛም፣ ለሦስተኛም ይህንኑ ይድገሙ። ቃሉ በተቀያየረ ቁጥር አዲስ ዜና ይሆናል፤ ካልተቀየረ ግን ይሰለቻል፣ መሰልቸቱም ለእርስዎ ጥሩ ነው።

መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ለተፎካካሪዎ ራሱ ደውለው ምን እንደሚሉ ይንገሩት። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፤ ከጋዜጣ እንዳይሰማው ብቻ ነው። ለሁለት ደቂቃ የሚያሳፍር ጥሪ ነው፣ ይቻላል።

አሁን ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርዎ። አስተባባሪዎም ባለቤትዎም የሚከራከሩት ስለ ተፎካካሪዎ ነው፤ ይወድቃል፣ አይወድቅም፣ ይውጣ፣ አይውጣ። እኔን የሚያሳስቡኝ የእሱ ደጋፊዎች ናቸው። ቅድመ ምርጫ ከዋናው ምርጫ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በዋናው ምርጫ በወዲያኛው ወገን ያለውን ሰው ድምፅ ብዙም አይጠብቁትም። በቅድመ ምርጫ ግን ዛሬ የተፎካካሪዎን ስም በግቢው የተከለው ጎረቤት ነገ የእርስዎን ሊተክል የሚችል የፓርቲዎ ሰው ነው። ግዛትዎ ውስጥ መራጮች ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ምርጫው ከቆጠራው ሲወጣ የዚያ ጎረቤት ሁለተኛ ምርጫ ይቆጠራል፤ የሜይን ግዛት ከ2018፣ የኒው ዮርክ ከተማ ከ2021 ጀምሮ ቅድመ ምርጫቸውን በዚህ መንገድ ያካሂዳሉ። (ዓመቶቼ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ጎረቤት እርስዎ ስለ ዕጩው ሲናገሩ ስለ ራሱ የተነገረ መስሎ ይሰማዋል። «ሰውየው ርኩስ ነው» ሲሉት «አንተም ርኩስ የማትለይ ሞኝ ነህ» ያሉት ያህል ነው። ሞኝ የተባለ ሰው ደግሞ ሐሳቡን አይለውጥም፤ ይከላከላል፣ ምክንያት ይፈልጋል፣ ድሮ ያላሰበውን ጥብቅና ይቆማል። በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳያየው፣ «እንግዲህ ይህን ሰው ልተወው» ብሎ ለመወሰን ግን ክብሩ ሳይነካ የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል። የእርስዎ ሥራ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ነው። ከኋላው ሆነው ቢገፉት ተመልሶ ይቀመጣል።

አስተባባሪዎ «ይውጣ እንበል» ያለችው ከልቧ ተቆጥታ እንደሆነ ይገባኛል። ግን 2015ን ታስታውስ። በጁላይ 18 ዶናልድ ትራምፕ በአዮዋ ግዛት ኤምስ ከተማ መድረክ ላይ ቆመው በቬትናም ጦርነት ተማርከው ለዓመታት የታሰሩትን ሴናተር ጆን መኬይንን «እኔ ያልተማረኩትን ነው የምወደው» ብለው አናናቁ። በሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ተፎካካሪያቸው የነበሩት የቀድሞው የቴክሳስ ገዥ ሪክ ፔሪ ወዲያው ይህ ሰው የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ለመሆን አይበቃም፣ ከውድድሩ ይውጣ አሉ። ትራምፕ አልወጡም። ሴፕቴምበር 11 ቀን የወጡት ፔሪ ነበሩ። ፔሪን ያስወጣቸው ያ መግለጫ ነው አልልም፤ ቀድሞም ደጋፊና ገንዘብ አጥሯቸው ነበር። ሆኖም «ይውጣ» ማለት አንዴ ብቻ የሚመዘዝ ካርድ መሆኑን ያሳያል። ተፎካካሪው «አልወጣም» ካለ በማግሥቱ ምን ይላሉ? ይባስ ብሎ ቢያሸንፍስ? ደግሞም የድምፅ መስጫ ወረቀት ከታተመ በኋላ ዕጩ ቢወጣ እንኳን በብዙ ቦታ ስሙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ የሚጠይቁት ነገር ላይቻልም ይችላል።

ባለቤትዎ ግማሽ እውነት አላቸው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የእርስዎ ምሳር ሳይጨመርበትም ጋዜጠኞች፣ ሌላኛው ተፎካካሪና የዚያኛው ፓርቲ ሰዎች አሉ። ግን ፈጽሞ ዝም ማለትም መንገድ ሆኖ ተሞክሯል። በዚያው በ2015 ሌላው ተፎካካሪ ቴድ ክሩዝ መኬይንን አሞግሰው ትራምፕን ግን ከመንቀፍ ተቆጠቡ። የትራምፕ ደጋፊዎች አንድ ቀን ወደ እሳቸው እንደሚመጡ አስበው እንደነበር ማንም ያየው ነገር ነው። ወራት አለፉ፤ መነቃቀፍ የጀመሩት በ2016 መጀመሪያ ነው። በሜይ 3 ቀን 2016፣ የኢንዲያና ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት፣ ክሩዝ ትራምፕን ውሸታም፣ ያውም በሽታ የሆነበት ውሸታም አሏቸው። በዚያው ምሽት ተሸንፈው ወጡ። ለወራት ታፍኖ የቆየ ፍርድ በመጨረሻዋ ሰዓት ሲነገር የሚመስለው ተስፋ መቁረጥ ነው። የሚታመን ቃል ቢሆን ኖሮ በጊዜው ይባል ነበር ያሰኛል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እርስዎ አልጠየቁኝም፣ ግን ደግ ሰው ይመስሉኛልና ላስጠነቅቅዎ፦ ለተፎካካሪ ጠበቃ መቆም። በ2023 ማርች መጨረሻ በኒው ዮርክ ማንሃታን በትራምፕ ላይ የወንጀል ክስ መቅረቡ ሲሰማ የፍሎሪዳው ገዥ ሮን ዲሳንቲስ ትራምፕን አሳልፎ በመስጠት አልተባበርም አሉ፤ ሌሎቹም የሪፐብሊካን ተፎካካሪዎቻቸው አብዛኞቹ ክሱን ፖለቲካዊ ነው ብለው አወገዙ። በኦገስት 23 በሚልዋኪ ክርክር ላይ ከቆሙት ስምንት ዕጩዎች መካከል ስድስቱ ትራምፕ ቢፈረድባቸው እንኳን እንደግፋቸዋለን ብለው እጃቸውን አወጡ። እንግዲህ መራጩ ምን ያድርግ? ተፎካካሪዎቹ ራሳቸው ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ ቢፈረድበትም ችግር የለም ካሉት ዋናውን ትቶ ተተኪ የሚፈልግበት ምክንያት አጣ። በጃንዋሪ 2024 በአዮዋ ትራምፕ 51 በመቶ አገኙ። ያንን ውጤት ተፎካካሪዎቻቸው ብቻ አላመጡትም፤ ሐውልቱን ሲያቆሙ ግን ድንጋይ አቀብለዋል።

በርኒ ሳንደርስ በ2015ቱ የላስ ቬጋስ ክርክር ሂላሪ ክሊንተንን «የአሜሪካ ሕዝብ ስለዚያ ኢሜይልዎ መስማት ሰልችቶታል» ያሏቸውስ (ክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በግል ኢሜይል ስለ መጠቀማቸው ነው)? አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፣ ክሊንተንም እጃቸውን ጨበጧቸው። ጨዋነት ነበር፤ እኔም ወድጄው ነበር። ልብ ማለት ያለብዎት ግን አንዴ እንዲህ ካሉ በኋላ በዚያ ጉዳይ ተመልሰው መናገር አይችሉም። ስለዚህ «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚለውን ቃል ከልብዎ ካልሆነ አይበሉት። ያለቀሱ ሰው ነዎት፤ ከልብዎ አይመስለኝም። በሰጠሁዎት መግለጫ ውስጥ ይቅርታውን ተቀብያለሁም አልቀበልም የሚል ቃል የሌለው ለዚህ ነው።

ወደ ልቅሶዎ ልመለስ። ይህ ጉዳይ የግልዎ ነው፤ ሌላው ተፎካካሪ ስለ ስደተኞች ቢናገር ፖለቲካ ይሆንበታል፣ እርስዎ ሲናገሩ ኑሮዎ ነው። ይህ ትልቅ ኃይል ነው። እንዲህ ያለው ኃይል ምን እንደሚያመጣና የት ላይ እንደሚያልቅ ከካማላ ሃሪስ ይማሩ። በጁን 27 ቀን 2019 በማያሚው ክርክር ጆ ባይደን በ1970ዎቹ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለማቀላቀል በአውቶቡስ ማመላለስን ስለ መቃወማቸው ሃሪስ አንድ ታሪክ ተናገሩ። በካሊፎርኒያ በየቀኑ በአውቶቡስ ትመላለስ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፣ «ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ» አሉ። አገር ሁሉ ሰማ፤ ደጋፊያቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ አሻቀበ። ከዚያ ጋዜጠኞች ተከታዩን ጥያቄ አመጡ፦ ዛሬስ እርስዎ መንግሥት ተማሪዎችን እንዲያመላልስ ያስገድዳሉ ወይ? የሃሪስ መልስ ከባይደን መልስ ብዙም የማይርቅ፣ ጠርቶ ያልወጣ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዲሴምበር 3፣ አንድም ድምፅ ሳይሰጥ ወጡ።

ያ ታሪክ እውነት ነበር፤ ስሜቱም እውነት ነበር። የጎደለው ከታሪኩ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ስለዚህ ክርክር ላይ ጠያቂው ስለ ጽሑፉ ሲያነሳብዎ (ማንሳቱ አይቀርም) አጭሩን መግለጫዎን ይድገሙና እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ሰዎች በምክር ቤት ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩ። ይህን ለመናገር የሚያስችል ቁም ነገር ሞልቷል። በፌዴራሉ የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ላይ በ1975 የተጨመረው ክፍል 203 በተወሰኑ አካባቢዎች የምርጫ ወረቀትና እርዳታ በሌላ ቋንቋ እንዲቀርብ ያስገድዳል። የሚሸፍነው ግን የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ነው። አማርኛ የለበትም። ትግርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም የለበትም። በሌላ በኩል የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪዎችም አገልግሎት ይሰጣሉ። የአካባቢ ሕግ አውጪ የፌዴራሉን ክፍተት መሙላት ይችላል ማለት ነው። እርስዎም የሚወዳደሩት ለሕግ አውጪነት ነው! «እሱ በእነዚህ ሰዎች ሳቀ» ብለው ከማቆም «እነዚህ ሰዎች ሐኪም ቤትና ምርጫ ጣቢያ ሲሄዱ አስተርጓሚ እንዲያገኙ ይህን ሕግ አቀርባለሁ» ቢሉ፣ የተፎካካሪዎ ደጋፊ የሆነው ጎረቤት እንኳን ሳይሰደብ የሚስማማበት ነገር አገኘ።

ስለ ሦስተኛው ዕጩ በደብዳቤዎ አንድ ቃል አልጻፉም፤ እኔን ደግሞ ከሁሉም በላይ እሱ አሳስቦኛል። ሁለት ሰው ብቻ በሚፎካከርበት ውድድር አንዱ ያጣው ድምፅ ለሌላው ይተርፋል። ሦስት ሲሆኑ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ የተመታው ይቆስላል፣ የመታው ይጠላል፣ ዳር የቆመው ይሰበስባል። በ2004 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ውድድር አዮዋ ላይ ሃዋርድ ዲንና ዲክ ጌፋርት እርስ በርስ በማስታወቂያ ሲጠዛጠዙ ከረሙ። ጌፋርት በ1988 ያቺኑ ግዛት አሸንፈው ነበር፤ ዲን ደግሞ በብዙዎች ግምት ዋነኛው ተፈላጊ ነበሩ። በጃንዋሪ 19 ውጤቱ ሲነገር ጆን ኬሪ በ38 በመቶ አንደኛ፣ ጆን ኤድዋርድስ በ32 በመቶ ሁለተኛ ሆኑ። ዲን 18፣ ጌፋርት 11 በመቶ አገኙ። ጌፋርት በማግሥቱ ተሰናበቱ።

በ2020 ደግሞ ኤልዛቤት ዋረን በፌብሩዋሪ 19ኙ የላስ ቬጋስ ክርክር ማይክል ብሉምበርግን በሴቶች ላይ ተናገሩ በተባለው ነገርና ሴት ሠራተኞች በፈረሟቸው የምሥጢር ስምምነቶች አፋጠጧቸው። እውነት ለመናገር ካየኋቸው የክርክር ጥቃቶች ሁሉ እንደዚያ የተሳካ የለም፤ ጉዳዩም ሊነሳ የሚገባው ነበር። ብሉምበርግ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአሜሪካን ሳሞኣ በቀር አንድም ቦታ ሳያሸንፉ ወጡ። በማግሥቱ ግን ዋረንም ወጡ፤ በገዛ ግዛታቸው በማሳቹሴትስ ሦስተኛ ሆነው ነበር። በመጨረሻ ያሸነፉት ባይደን ናቸው። ዋረን ማድረጋቸው ልክ አልነበረም አልልም። ጉዳዩ ሊባል የሚገባው ከሆነ ይባላል፣ ዋጋውም ይከፈላል። ዋጋ እንደሌለው አስቦ መግባት ግን የዋህነት ነው።

ወደ ሌላ ነገር ከማለፌ በፊት፦ ከሰሞኑ የራስዎን የድሮ ጽሑፍ ማንም ቀድሞ ሳያነብልዎ ራስዎ ያንብቡ። ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ሌላውን ሲመዝኑ ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ዘጠኝ ዓመት ይዞራል። በማርች 2008 ሂላሪ ክሊንተን በአወዛጋቢ ስብከታቸው ስለተነቀፉት የባራክ ኦባማ ፓስተር ስለ ጄረማያ ራይት ሲጠየቁ «የእኔ ፓስተር አይሆኑም ነበር» አሉ። ያንን ባሉበት ሳምንት ራሳቸው በቦስኒያ ቱዝላ አውሮፕላን ማረፊያ ከተኩስ ሮጠን አመለጥን ያሉት ነገር በቪዲዮ ሐሰት ሆኖ ተገኝቶ ተሳስቼ ነው በማለት ላይ ነበሩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ኦባማ በበኩላቸው ከሳምንት በፊት በፊላዴልፊያ ስለ ዘር ረጅም ንግግር አድርገው ጉዳዩን በራሳቸው አፍ አስረድተው ነበር።

አሁን ኢሜይሉ። ፋይሉን አይክፈቱት፤ ከከፈቱትም ለማንም አያስተላልፉት። ለዘመቻዎ ጠበቃ ይስጡት። ማን እንደላከው አያውቁም፣ እውነት ይሁን በኮምፒውተር የተቀነባበረ አያውቁም፣ የግል ገላን የሚያሳይ ምስል ካለበት ማሠራጨቱ በብዙ ግዛቶች ወንጀል ነው። ወንጀል የሚያሳይ ነገር ካለበት ጠበቃዎ ለፖሊስ ያድርሱት፤ ለጋዜጣ አይደለም።

«ታዲያ በወዳጅ በኩል ለጋዜጠኛ ብናደርሰውስ?» የሚል ሰው ከዘመቻዎ ውስጥ አይጠፋም። ለዚያ ሰው የ1987ን ታሪክ ይንገሩት። ጆ ባይደን በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በኦገስት በአዮዋ ባደረጉት ንግግር የእንግሊዙን የሌበር ፓርቲ መሪ የኒል ኪኖክን ቃላት ባለቤቱን ሳይጠቅሱ እንደራሳቸው አድርገው ተናገሩ። የተፎካካሪያቸው የማይክል ዱካኪስ የዘመቻ ኃላፊ ጆን ሳሶ ሁለቱን ንግግሮች የሚያሳይ ቪዲዮ አዘጋጅተው በድብቅ ለጋዜጠኞች ሰጡ። ወሬው በሴፕቴምበር ወጣ፣ ባይደን በሴፕቴምበር 23 ከውድድሩ ወጡ። ከዚያ ሁሉም ሰው ቪዲዮውን ማን ሰጠ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ዱካኪስ ከእኔ ዘመቻ አልወጣም አሉ። ወዲያው እውነቱ ሲታወቅ በሴፕቴምበር 30 በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሳሶም ሥራቸውን ለቀቁ።

ልብ ይበሉ፣ ቪዲዮው ውስጥ ሐሰት አልነበረም። የኪኖክ ቃል ነበር፣ የባይደንም አፍ ነበር። ግን ባይደን በሌላ ጊዜ ያንኑ ቃል ሲናገሩ ኪኖክን ጠቅሰው እንደነበር ቪዲዮው አይነግርም። ዱካኪስን ያሳፈራቸውም ከራሱ ከቪዲዮው ይልቅ መደበቁና መካዱ ነው። ቪዲዮውን በስማቸው «ይኸው፣ ተመልከቱ» ብለው ቢያቀርቡት ኖሮ የሚከራከሩበት ነገር ይሆን ነበር። እንግዲህ መለኪያው ይህ ይሁንዎ፦ ስምዎን ጽፈው የማያወጡትን ነገር በሌላ ሰው እጅም አያውጡት። ሳሶ በዓመቱ ወደ ዘመቻው ተመልሰዋል፣ ዱካኪስም የፓርቲያቸው ዕጩ ሆነዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው «እንዲያውም ጠቅሟቸዋል» ሊልዎ ይችላል። ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ከምርጫው በኋላም በዚያው ሰፈር የሚኖሩ ሰው ነዎት።

በጎ ፈቃደኞችዎን ዛሬ ማታ ሰብስበው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቁሟቸው። «ደጋፊዎቼ እንጂ እኔ አላልኩም» የሚለውን ማንም አይሰማም። የሚቀጥል ካለ ያሰናብቱት፣ የእህትዎ ልጅ ቢሆንም። ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ስድብ ውስጥ መግባትን ደግሞ ከናካቴው ይተውት። ማርኮ ሩቢዮ በ2016 ለትራምፕ ስድብ በስድብ ልመልስ ብለው በእጃቸው ትንሽነት ቀለዱ። ከቀናት በኋላ ልጆቼ አፈሩብኝ፣ ቢደገም አላደርገውም አሉ። በማርች 15 በገዛ ግዛታቸው በፍሎሪዳ ተሸንፈው ወጡ። ትራምፕ በዚያ ጨዋታ ልምድ ነበራቸው፤ ሩቢዮ አልነበራቸውም። እርስዎም ከደብዳቤዎ እንደማየው የለዎትም፣ አይልመዱትም።

የቀረው የገቡት ቃል ነው። አሸናፊውን እደግፋለሁ ብለዋል። ይህ ሰው ሊያሸንፍ ይችላል፤ እየመራ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚናገሩት እያንዳንዱ ቃል ኖቬምበር ላይ ከሌላኛው ፓርቲ አፍ ተመልሶ እንደሚመጣ ይቁጠሩት። አባትየው ጆርጅ ቡሽ በ1980 ቅድመ ምርጫ የሮናልድ ሬገንን የኢኮኖሚ ዕቅድ የጥንቆላ ኢኮኖሚ ነው ብለው አጣጣሉ፤ በዚያው ዓመት የሬገን ምክትል ሆነው ሲቀርቡ ቃሉ ተከተላቸው። አል ጎርም በ1988 በኒው ዮርክ ክርክር ዱካኪስ ገዥ የነበሩባት ማሳቹሴትስ ለእስረኞች የምትሰጠውን ጊዜያዊ ፈቃድ አንስተው ዱካኪስን ጠየቁ። ጥያቄው ለጎር አንድም ግዛት አላስገኘም። ሪፐብሊካኖቹ ግን በጁን አንስተው እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ዱካኪስን መቱበት።

ከአሁን በኋላ የባሰ ነገር ቢወጣና፣ ማለትም በጽሑፍ ሳይሆን በድርጊት የተጎዳ ሰው ቢገኝ፣ ቃልዎ አያስረዎትም። ያኔ የምርጫ ስሌቱን ትተው የተጎዳውን ሰው ያስቀድሙ፤ «ቃል ገብቼ ነበር፣ በዚህ ምክንያት ትቼዋለሁ» ብለው በግልጽ ይናገሩ። አሁን ባለው ጉዳይ ግን፣ የከፋ ቀልድ ጽፎ ይቅርታ የጠየቀ ወጣት ጠበቃ ቢያሸንፍዎ፣ አብረውት ቤት ለቤት ለመዞር ያስቡበት፤ ከመሄድዎ በፊትም የቋንቋውን ሕግ በስሙ እንዲያቀርብ ይጠይቁት፣ በጽሑፍም ያስፈርሙት።